የናርዲት ዋንዛ

በዛሙራ መንግሥት የናርዲት ዋንዛ ቅጠሉን ሲያራግፍ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። የዘላለም ምንጭ ባጠጣው ምድር ቅጠል ሲረግፍ ያየ ሰው አልነበረም። በዛሙራ ሕፃን ሲወለድ ችግኝ ይተከልለታል፤ የሰውና የዛፉ ነፍስ አንድ ነው። ዛፉ የሞተበት ሰው እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ሕያው ዛፉ የተቆረጠበትም የትም ይሁን የት እዚያው ሞቶ ይወድቃል።

ሐሩራን የተባለው ዘንዶ ምንጩን በደረቱ ደፍኖ ድርቅ ባመጣ ጊዜ ወጣቷ ናርዲት «ምንጩን ሳልከፍት ቤቴን አልገባም» ብላ ምላ፣ ከጓደኛዋ ከኤላም ጋር ዘምታ ነበር።

እናቷ ወርዘሊት ድሮም ክፉ ክፉው ነው የሚታያት። አሁን የኤላም ወይራ ለምልሞ ቆሟል፤ የልጇ ዋንዛ ግን አጽሙ ቀርቷል።

የዛፎች ጠባቂ አባ ዳርዮን መጥረቢያ ይዘው መጡ።

«እመት ወርዘሊት፣ ዛፉ ተቆርጦ ይለቀስላት። አለዚያ ነፍሷ አታርፍም።»

«እኔማ ከደጅ ስትወጣ ነው ያለቀስኩላት» አለች። «ብቻ ልሰናበተው።»

ግንዱን አጥብቃ አቀፈችው። ጥፍሯ ልጡን ላጠው፤ ውስጡ አረንጓዴ ነበር፤ ጣቷም ረጠበ።

«አባ፣ እስቲ ይንኩት።»

ሽማግሌው ነክተው መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ውሃን ከሥር ወደ ላይ እንደ ክር የሚስበው ቅጠል ነው። መሬቱ ደርቆ ቅጠሉ መሳቡን ካልተወ ክሩ ይበጠሳል፤ ዛፉም ይሞታል። ይሄ ክሩ ሳይበጠስ ሳቢዎቹን አሰናብቷል። አልሞተም፣ እመት። ልቆርጠው ነበር።»

«ወይራውስ?»

«የውሃ መንገዱ ጠባብ፣ ቅጠሉም ጠንካራ ነው። ጥቂት በጥቂት እየሳበ ይታገላል።»

ይህን ሲሉ የወይራው ትልቁ ቅርንጫፍ በድንገት ደርቆ ተገነጠለ።

«ይኸው፣ ኤላም ሞተ» አለች ወርዘሊት።

«አንድ ቅርንጫፍ እኮ ነው። ሌላውን ለማዳን የሚተወው ይኖራል።»

«በአንድ ነው የሚጀምረው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ በደረቀው ቦይ ውሃ እየተንደረደረ መጣ። ከውሃው ኋላ ሁለት ሰዎች ታዩ። የኤላም ቀኝ እጅጌ ባዶውን ይወዛወዛል።

«ዘንዶው ሊውጠኝ ሲል ኤላም ክንዱን ጉሮሮው ውስጥ ሰነቀረበት» አለች ናርዲት። «ጦሬን ከደረቱ ሥር የሰካሁት ያኔ ነው።»

«ያመሃል፣ ልጄ?» አለችው ወርዘሊት።

«ያመኛል፣ እመት። ግን በግራዬም ቢሆን ከእሷ የበለጠ እበላለሁ።»

ናርዲት እናቷን ትኩር ብላ አየቻት።

«እማዬ፣ ፊትሽ ምን ሆነ? ሞታለች ብለሽ ነበር እንዴ?»

«ምን በወጣኝ» አለች ወርዘሊት። እጥፍ ብላ ቦዩ ውስጥ፣ ውሃው መሀል ተቀመጠች፤ የልጇን እግሮችም አቅፋ አልለቅ አለች።