ከዝርዝሩ የጎደለው ብረት

አባይነህ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሦስት በገባበት ቀን ነው። በደቡብ ምሥራቅ ካልጋሪ ባለች ትንሽ የብረታ ብረት ድርጅት ግቢ ውስጥ ክሬኑ አንድ ታንክ እያነሣ ሳለ፣ ታንኩ የተንጠለጠለበት ማንሻ ብረት ወገቡ ላይ ቋ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ተወዛውዞ ሲመጣ፣ ከጎን ቆሞ ገመድ የያዘው አባይነህ ዞር ለማለት አልደረሰም። አምቡላንሱ ሲመጣ የሚያጣድፍ ነገር አልነበረም።

ማንሻውን በኮምፒውተር የነደፈው ማትያስ ነው። ሟቹ ጎረቤቱና ጓደኛው ነበር፤ ከሚኖሩበት ከራንድል ሰፈር እስከ ሥራ ቦታቸው አራት ዓመት ሙሉ በአንድ መኪና ተመላልሰዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማትያስ እህል በአፉ አልዞረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለቅሶ ቤት እንኳን አልሄደም፤ የድርጅቱ ባለቤትና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሼ ገረመው «ለሰላም ሲባል ለጊዜው ራቅ በል» ብለውታል። እዚያው ቢሮ ውስጥ የምትሠራው የሟች ሚስት ደቦራም ስልኩን አታነሣለትም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ጋሼ ገረመው ጠበቃ የጻፈው አንድ ገጽ ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። በንድፉ ላይ የተሳሳተ የብረት ዓይነት የመረጥኩት እኔ ነኝ የሚል ነው። እስከ አሥር ሰዓት እንዲፈርም ነግረው፣ ትከሻውን ይዘው ጸለዩለትና ሄዱ። ከዚያ ፊርማ በኋላ ስድስት ዓመት የደከመበት የመሐንዲስነት ፈቃድ አፈር እንደሚበላ ማትያስ አላጣውም። ቢሆንም ብዕሩን አንሥቶ ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

መልሶ ያስቀመጠው ወይዘሮ ምሥራች ሲገቡ ነው። ወይዘሮ ምሥራች የክፍለ ሀገሩ የሥራ ደኅንነት መርማሪ ናቸው። አጭር ናቸው፤ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። አዲስ አበባ ሳሉ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በቤተ ሙከራ ብረት እየሰበሩ ጥንካሬውን ይለኩ ነበርና ባላቸው «ለመስበር ደመወዝ የሚከፈላት ሴት» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር አሉ። ወረቀቱን ሳያነሡት፣ ለእሳቸው እንደተገለበጠ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ አነበቡት።

«ፈረምክ?»

«ገና ነኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ተነሥና ተከተለኝ።»

ወደ መጋዘኑ ወስደው የተሰበረውን ብረት አሳዩት። ማትያስ ከአደጋው ወዲህ አልቀረበውም ነበር። ምሥራች ግን በጣታቸው የስብራቱን ፊት እየዳበሱ ረጋ ብለው አስረዱት። ሸክም የበዛበት ብረት ከመሰበሩ በፊት ይለጠጣል፣ ወገቡ ይቀጥናል። ይህኛው አልተለጠጠም። ፊቱ ጠፍጣፋና አብረቅራቂ ነው፣ እንደ ተሰበረ ሸክላ። ስለዚህ የማትያስ ስሌት ትክክል ነው፤ ሰውየውን የገደለው ብርድ የማይችል ተራ ብረት ነው።

«የንድፉ ወረቀትም ተራ ካርቦን ብረት ይላል። ስምህም ሥሩ አለ» አሉት። «አንተ የመረጥከው ይህንን ነበር?»

ማትያስ ሆዱ ውስጥ የከረመውን አወጣው። ንድፍ የሚሠራበት ፕሮግራም የብረቶችን ስም፣ ክብደትና ጥንካሬ የያዘ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ዝርዝሩ ግን ጎዶሎ ነው። በካናዳ ብርድ እንዳይሰበር ተብሎ የሚሠራው ብረት በውስጡ የለም። ስለዚህ ማትያስ የጎደሉትን ብረቶች ከብረት ፋብሪካዎቹ ሰነድ አንድ በአንድ እየለቀመ የራሱን ዝርዝር ሠርቷል፤ አራት ወር ፈጅቶበታል። ያንን ብረት በአማርኛ «የብርድ ብረት» ብሎ ሰይሞታል። ለማንሻውም የመረጠው እሱን እንደሆነ ይምላል።

«ታዲያ ምን አስፈራህ?»

«አባይነህ የሞተ ቀን ፋይሉን ኦፕን ሳደርገው ተራ ብረት ይላል። በልማድ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ፋይሉ የተቀየረበት ቀንም በዚያው ዕለት ቀን ተተካ። ማስረጃው ጠፋ፣ እትዬ። አሁን አሁንማ እኔው ሳልሳሳት አልቀርም እያልኩ ነው።»

ምሥራች ከቦርሳቸው አንዲት የቆሸሸች ማስታወሻ ደብተር አወጡ። ከሟቹ ጃኬት ኪስ የተገኘች ናት። አባይነህ ማንኛውንም ነገር በክሬን ከማንሣቱ በፊት የማንሻውን ክብደት ከንድፉ ላይ ገልብጦ ይይዝ ነበር። በአንድ ሐሙስ ቀን ሥር፣ ከአደጋው ዐሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ «ማንሻ 314 ኪሎ» ብሎ ጽፏል።

«በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ንድፍ ስንት ይላል?»

ማትያስ አንብቦ ዞረ። «ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት።»

«አባይነህ ቁጥር ይስት ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ።»

ከዚያ በኋላ ማትያስ ራሱ ገባው። ክብደቱን የሚያሰላው ፕሮግራሙ ነው፤ የሚያሰላውም ከተመረጠው ብረት ነው። በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ያለው ተራ ብረት በሜትር ኩብ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ይመዝናል። ማትያስ ለብርድ ብረት ያስገባው ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ነው። ልዩነቱ በአንድ ማንሻ ላይ ሁለት ኪሎ ይመጣል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት አባይነህ ያየው ንድፍ የማትያስ ትክክለኛው ንድፍ ነበር፤ የተቀየረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ማትያስ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልወጣ ያለው እንባ ነው፤ ምሥራችም ጊዜ ሰጡት።

ማትያስ መጀመሪያ የጠረጠረው ብረት የሚገዛውን የሺዋስን ነው። የሺዋስ ፎርማኑ ነው፤ ወረፋ መጠበቅ አይወድም፣ የብርድ ብረት ደግሞ ሦስት ሳምንት ያስጠብቃል። ምሥራች ሲጠይቁት ግን የግዢ ደረሰኙን አመጣ። የገዛው ከዚያ ሐሙስ በኋላ ባለው ሰኞ ነው፣ የተከተለውም ግድግዳ ላይ ያገኘውን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግርጌ ላይ የታተመበት ቀን አለ፤ የሐሙሱ ማግስት ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ። በዚያ ሰዓት የሺዋስ ክሬን ላይ ነበር። ማትያስ ከተማ መሃል የፈቃድ ፈተና ላይ ነበር። ጋሼ ገረመው ኤድመንተን ነበሩ። ፕሮግራሙ ያለው በሁለት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ በማትያስና በቢሮው ላፕቶፕ፤ ፋይሎቹን ሁለቱም ይጋራሉ።

ምሥራች ላፕቶፑን አስመጡና አንድ ሌላ የቆየ የማትያስ ፋይል እንዲከፍትበት አዘዙት። ፋይሉ ሲከፈት አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። የዚህ ዕቃ ብረት በዚህ ኮምፒውተር ላይ አልተገኘም፣ ሌላ ይምረጡ ትላለች። ከዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው ተራ ካርቦን ብረት ነው።

ማትያስ ላፕቶፑን ቶሎ ዘጋው። የቢሮው ላፕቶፕ የደቦራ ነው።

«እትዬ፣ ይቅር» አለ። «ወረቀቱን ልፈርም። እኔ ልሁን።»

«ውሸት?»

«ባሏን በእጇ እንደገደለች ከምትሰማ እኔ እስር ቤት ብገባ ይሻላል። ሁለት ልጆች አሏት።»

ምሥራች ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። «ደቦራ የማታውቀውን ነገር በግምት የምትነካ ሰው ናት?»

«አይደለችም። ፖስታ ላይ የሚለጠፈውን ቴምብር ሳይቀር ትጠይቃለች።»

«ታዲያ ያን ቀን ማንን ጠየቀች?»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ሠራተኞች በሚመገቡባት ክፍል ተሰበሰቡ። ጋሼ ገረመው ወረቀታቸውን ይዘው በጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል። የሺዋስ በር አጠገብ ቆመ። ደቦራ ጥቁር ለብሳ ከለቅሶ ቤት መጥታለች፤ ማትያስን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞራለች።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ምሥራች ከስብራቱ ጀመሩ። ስለ ሸክላው መልክ ተናገሩ፣ ስለ ሁለቱ ኪሎ ተናገሩ፣ የሟቹን ደብተር ለደቦራ አሳዩ። የባሏን ጽሕፈት ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ንድፉ ከማትያስ እጅ ሲወጣ ትክክል እንደነበረ ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞረች። ማትያስ መሬት መሬት አየ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃልና።

«ግድግዳው ላይ ባለው ንድፍ ከብረቱ ሌላ አንድ ለውጥ አለ» አሉ ምሥራች። «የደንበኛው ድርጅት ስም በውሉ ላይ ካለው ተለይቶ ዓርብ ተስተካክሏል። ማን አስተካከለው?»

«እኔ ነኝ» አለች ደቦራ። «ደንበኛው ስሙን ቀይሬያለሁ ብሎ ኢሜይል አደረገ። ከፈትኩት፣ ስሙን አስተካክዬ ፕሪንት አደረግኩ።»

«ስትከፍቺው የጠየቀሽ ነገር ነበር?»

ደቦራ ለማስታወስ ግንባሯን ቋጠረች። ማትያስ ተነሥቶ ቆመ። «እኔ ልፈርም አልኩ እኮ፤ በቃ ይብቃ» አለ። ሰሚ አላገኘም።

«ብረቱ የለም፣ ምረጪ አለኝ» አለች ደቦራ ቀስ ብላ። «ማትያስ ፈተና ላይ ስለነበር ለጋሼ ገረመው ኮል አደረግኩላቸው።» ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሲሸሽ ሁሉም አየው። «የመጀመሪያውን ምረጪ አሉኝ። ብረት ብረት ነው አሉኝ። እኔም መረጥኩ።»

የሺዋስ «ጌታ ሆይ» ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

ምሥራች ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ደቦራ፣ ስሚኝ። አንቺ የማታውቂውን ጠየቅሽ፤ ደግ አደረግሽ። የጠየቅሻቸው ሰው ግን የዚህን ሥራ ውል በእጃቸው የፈረሙ ናቸው። ውሉ ከዜሮ በታች አርባ ድረስ የሚችል ብረት ይላል። ጋሼ ገረመው፣ ትክክል ነኝ?»

«መንገድ ላይ ነበርኩ» አሉ ገረመው። «መኪና እየነዳሁ፣ ሳላስብ ነው የተናገርኩት። አንዲት ደቂቃ ናት።»

«እሱን አምናለሁ። አባይነህ ሲሞት ግን ያቺ ደቂቃ ትዝ አለችዎ። ትዝ ባትልዎ ኖሮ ማትያስን ከለቅሶ ቤት ባላራቁት ነበር። ከደቦራ ጋር ተቀምጦ ካወራ ነገሩ በአንድ ሰዓት ይወጣ ነበራ። ይህንን ወረቀት ያስጻፉትም እያወቁ ነው።»

ገረመው ወረቀቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ሲናገሩ ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ ሆነ። «ለእሷ ብዬ ነው። በየትኛው አፌ እንዲህ ያለ ነገር ልንገራት?»

«ለእሷ ካሉ ማትያስን ለምን አሳልፈው ሰጡ?»

ምሥራች ወረቀቱን ከገረመው መዳፍ ሥር ሳቡና ከሰነዳቸው ጋር አስቀመጡት። ጋሼ ገረመውን ነገ ጠዋት ከጠበቃቸው ጋር በመርማሪዎቹ ቢሮ እንዲቀርቡ አዘዟቸው። ሽማግሌው ደቦራን ለማየት ሳይደፍሩ ወጡ፤ የሺዋስም ተከተላቸው።

ማትያስ ነፃ ነው። ዘጠኝ ቀን የለመነውን አገኘ፤ በደረቱ ውስጥ ግን ደስታ የሚባል ነገር ፈልጎ አጣ። ደቦራ የባሏን ደብተር ታቅፋ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ያንተ ብረት ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አዎ» አላት።

«ታዲያ ያንን ዝርዝርህን በእኔም ላፕቶፕ ላይ ለምን አልጫንክልኝም?»

ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ራሱን በስንት ጥያቄ ሲገርፍ ሲሰነብት ይህኛውን አንድም ቀን አልጠየቀም ነበር፤ ምሥራችም አልጠየቁትም። ዝርዝሩ የአራት ወር ድካሙ ነው። ሌላ ድርጅት ሲቀጠር ይዞት ሊሄድ፣ በእሱ ሊፈለግ፣ በእሱ ሊከበር አስቦ ነበር። ሁሉም ዘንድ ካለ ማን ማትያስ ይላል?

«ለራሴ ላስቀረው ብዬ ነው» አለ።

ደቦራ አልጮኸችም፣ አልሰደበችውም። ገባኝ እንደሚል ሰው ራሷን ነቀነቀች። ኮቷን ለበሰች፣ ጓንቷን አደረገች፣ ወጣች። ማትያስ ሊከተላት ተነሣና ምን ብሎ እንደሚከተላት ስላላወቀ ተመልሶ ተቀመጠ።