ሽታ የሌለው ክፍል

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ቤት ለሕፃኑ የለቀቅንለት ክፍል ምን ምን ይሸታል?»

እናቷ ይህን የጠየቀቻት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ መስታወቱን ተደግፋ እንደቆመች ነው። ከመስታወቱ ወዲያ፣ ያለ ጊዜው የተወለደው ወንድሟ ተኝቷል። የትንፋሽ ቱቦው ከተነቀለለት ገና ብዙ አልቆየም፤ ፕላስተሩ የተላጠበት ምልክት ጉንጩ ላይ ቀልቶ ይታያል።

 ልጅቷን ቤት ውስጥ የሚጠሯት «አነፍናፊ» እያሉ ነው። ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር ሳያር ቀድማ ትደርስበታለች፤ አስተማሪያቸው ሽቶ የቀየረች ቀን ለክፍሉ ልጆች ሁሉ የምታወራው እሷ ናት። የራሷ ቤት ምን እንደሚሸት ግን አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

«እንጃ እማ» አለች በመጨረሻ። «ምንም አይሸትም መሰለኝ።»

«የፈራሁት እሱን ነው።» እናቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ነገ ያስወጡናል። ዶክተሯ ምን አለችኝ መሰለሽ? ሳንባው ገና ለጋ ነው። አዲስ ቀለም፣ በረኪና፣ ናፍታሊን፣ የሚረጭ የተባይ መድኃኒት፣ ሽቶ፣ አንዱም አጠገቡ እንዳይደርስ። ትንፋሹ ካጠረ መልሰን እዚሁ ነን።»

«ለአባዬ ንገሪዋ!»

«ለአባትሽ ብነግረው እሺ ይለኛል፤ ከበሩ ሲወጣ ግን ይረሳዋል። ለእናቴ ብነግራት ታለቅሳለች። ስለዚህ አደራዬ ላንቺ ነው፣ የኔ አነፍናፊ። የማይሸት ቤት አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ።»

በአውቶቡስ ወደ ቤት ተመለሰች። ቤት ስትደርስ በሩን ወዲያው አልከፈተችውም። ዓይኗን ጨፍና «እኔ እንግዳ ነኝ፤ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም» አለች ለራሷ። ከዚያ ገባች።

መጀመሪያ ጉሮሮዋን ያነቃት በረኪናው ነው። ናፍታሊኑ ከኋላ ተከተለና ግንባሯ ድረስ ወጣ። ከሁለቱም በታች ደግሞ ጣፋጭ መሳይ፣ ራስ የሚያዞር ሽታ ነበር፤ የአባቷ የሥራ ቱታ ሽታ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረዋት ኖረው ዛሬ ገና ነው ፊት ለፊት የተገናኙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ቤት ንጽሕና የሚለካው በአፍንጫ ነው። አያቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሲሆን፣ በረኪና በረኪና የማይል አንሶላ እጃቸው ከገባ መልሰው ይዘፈዝፉታል። ጡረታ ሲወጡ አመሉም አብሯቸው ቤት ገባ። የተወለወለ ወለል ዓይን ካላቃጠለ አልጸዳም፤ የታጠፈ ልብስ ናፍታሊን ካልሸተተ ብል ሊበላው ነው። አባቷ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ መኪና ይቀባል። ለእሱ አዲስ ዕቃ ማለት አዲስ ቀለም የሚሸት ዕቃ ነው። ከቀለሙ እንዲከላከልለት ጋራዡ የሰጠው ማስክ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ አቧራ ይጠጣል። «ፊቴን ያሳክከኛል» ብሎ አንድ ቀን እንኳ አድርጎት አያውቅም።

ለሕፃኑ የተለቀቀው ልጅቷ ስታጠናበት የነበረው ጠባብ ክፍል ነው። አያቷ በርጩማ ላይ ቆመው፣ በቢላዋ ጫፍ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ይወትፋሉ።

«እምዬ! ይወድቃሉ እኮ!»

«በሩን ዝጊው አንቺ ልጅ! ነፋሱን ይዘሽው ገባሽ! ነገ ያ ጭብጥ የማይሞላ ልጅ ሊመጣ፣ ይሄ መስኮት እንደ ወንፊት ያፈሳል።»

ከኋላቸው የቆርቆሮው ሳጥን ተከፍቷል። የልጅቷ የገዛ ራሷ የሕፃንነት ልብሶች፣ አያቷ ለክፉ ቀን እያሉ ያስቀመጧቸው፣ ተጣጥፈው ተደርድረዋል። በየእጥፋታቸው መሃል ነጫጭ የናፍታሊን እንክብሎች ተቀምጠዋል። የክፍሉን መሃል የያዘው ግን አልጋው ነው።

አባቷ ከሥራ መልስ እያመሸ የሠራው አልጋ ነው። ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን ቀለም ቀብቶት ወጥቷል። ሰማያዊው ቀለም እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፤ በጎንና ጎኑም ልክ እንደ ውድ መኪና አንዳንድ ቀጭን ነጭ መስመር ተሰምሮለታል። ዕድሜ ልኩን የሰው መኪና ሲያሳምር ኖሮ እሱ ራሱ በእግሩ ነው የሚመላለሰው። ስለዚህ አልጋውን «የልጄ የመጀመሪያ መኪና» እያለ ነው የሚጠራው።  ያ ራስ የሚያዞር ሽታ የሚመጣው ከአልጋው ነበር።

ልጅቷ ዶክተሯ ያለችውን ለአያቷ ነገረቻቸው።

«ዶክተሯ ስንት ወልዳለች?» አሉ አያቷ ከበርጩማው ሳይወርዱ።

«እሱን አልጠየቅናትም።»

«ጠይቋታ! እኔ እናትሽንም አንቺንም በዚሁ በረኪና ነው ያሳደግኳችሁ። ሞታችኋል?»

«አልሞትንም እምዬ።»

«ታዲያ እኔ ነኝ የልጅ ልጄን የምገድለው?» ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቢላዋዋን የያዘው እጃቸው ዝቅ አለ።

እናቷ የፈራችው ይህንን ነበር። ልጅቷ አንድ ቃል ብትጨምር እንባው ሊወርድ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ነገ ሕፃኑ እዚህ ውስጥ ሊተኛ ነው። እጃቸውን ይዛ ከበርጩማው አወረደቻቸው።

«ይምጡ እምዬ፣ ትንሽ ደጅ እንቀመጥ።»

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከጎረቤት ግቢ የታጨደ ሣር ሽታ ይመጣል። አያቷ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፤ ቆየት ብለው ግን ስለ ጎረቤቷ ዶሮዎች ማማት ጀመሩ። ልጅቷ አፍንጫቸው ከቤቱ ሽታ እስኪጠራ ድረስ አዳመጠቻቸው።

«አሁን እንግዳ ሆነን እንግባ» አለች። «እርስዎ አራስ ሊጠይቁ የመጡ ሴትዮ ነዎት።»

«ምን ዓይነቱ ጨዋታ ነው ደግሞ!» አሉ፤ ግን ለእንግድነቱ ሲሉ ሻሻቸውን ፈትተው አሳምረው አሰሩ። የራሳቸውን በር አንኳኩ። «ቤቶች!»

«ይግቡ፣ ይግቡ!» ልጅቷ በሩን ከፈተችላቸው።

ጥቂት እንደተራመዱ ፈገግታቸው ጠፋ። የሕፃኑ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ውኃ አቀረረ፤ ሳል አጣደፋቸው። በሻሻቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ያዙ።

«በሞትኩት! እነዚህ ሰዎች እዚህ ውስጥ ነው ልጅ ሊያስተኙ?» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ልጅቷን አዩዋት። «እነዚህ ሰዎች… እኛ ነን እንዴ?»

«እኛ ነን እምዬ።»

አያቷ አላለቀሱም። ቀጥ ብለው ገብተው የወተፉትን ጨርቅ ከመስኮቱ ስንጥቅ መዝዘው መዝዘው ጣሉና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። «ዛሬ ይናፈስ። ነገ እሱ ሲገባ ግን እኔ ነኝ የምዘጋው፤ ብርድ እንዲመታው አልፈቅድም!»

«እሺ፤ ነገ እርስዎ ይዝጉት።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ነው። ናፍታሊኑን አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው፣ በፕላስቲክ ቋጥረው ከቤት አስወጡት። ግድግዳውንና ወለሉን በንጹህ ውኃ ደጋግመው ወለወሉ። ልብሱን ሽታ በሌለው ሳሙና አጠቡት፤ ልጅቷ አሸተተችው፤ «ገና ነው» አለች፤ እንደገና አጠቡት። አያቷ ወገባቸውን ይዘው «ጌታዬ፣ ሳይሸት ጸዳ ብዬ እንዴት ነው የማምነው?» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እጃቸው ግን አላረፈም። በመጨረሻ ልብሱ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ፀሐይ መሽተት ጀመረ። አንዲት የሱፍ ቆብ ብቻ፣ አያቷ በገዛ እጃቸው የሠሯት፣ ናፍታሊኑን አልለቅም አለች። አያቷ አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ቆዩና ለብቻዋ አስቀመጧት።

አልጋውን ግን ማናቸውም አልነኩትም።

«የት ይተኛል ታዲያ?» አሉ አያቷ።

ልጅቷ የቁም ሳጥኑን ትልቁን መሳቢያ ስባ አወጣች። ቀለም ነክቶት የማያውቅ አሮጌ እንጨት ነው። «ይሄን እናጥበዋለን። ጠንከር ያለ ፍራሽ እናደርግበትና እማ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ እናስቀምጠዋለን።»

«የልጅ ልጄን? እንደ ካልሲ? መሳቢያ ውስጥ?»

«ለጊዜው ነው እምዬ።»

አያቷ ሳቃቸው አመለጣቸው። ዓይናቸው ወደ ሰማያዊው አልጋ ሲሄድ ግን ሳቁ ከሰመ። «አባትሽ ይሄን ሲሰማ አንጀቱ ነው የሚቆረጠው። ስሚኝማ፣ ዘዴ አለኝ። አንዱን እግሩን እንስበረውና ሳጸዳ ወደቀብኝ እለዋለሁ። እኔን ምን ይለኛል? አርጅተዋል ብሎ ይተወኛል።»

ዘዴው ጥሩ ነበር። ማንም አይከፋም፤ እሷም አባቷን ፊት ለፊት አትጋፈጥም። ልጅቷ ለአፍታ ሐሳቡን ወደደችው። ግን አባቷን ታውቀዋለች። የተሰበረውን እግር ዛሬውኑ ይጠግነዋል፤ ከጠገነውም በኋላ ጭረቱ እንዳይታይ እንደገና ይቀባዋል።

«አይሆንም እምዬ» አለች። «እኔው እነግረዋለሁ።»

መሳቢያውን አጥበውና አድርቀው፣ ፍራሽ አንጥፈውበት ከእናቷ አልጋ አጠገብ እንዳስቀመጡት የግቢው በር ላይ ሳል ተሰማ። አባቷ ከቁልፉ ድምፅ በፊት የሚታወቀው በሳሉ ነው።

«የት አለ የጎረምሳዬ መኪና?» አለ ቱታውን ሳያወልቅ ክፍሉ ውስጥ ዘው ብሎ። የተከፈተውን መስኮት አየ፤ ወደ አልጋው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጀርባ መታ መታ አደረገው። «አያችሁልኝ? ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው! እማማ፣ እርስዎስ ምን አሉ?»

አያቷ የታጠፈ ልብስ መልሰው ያጥፋሉ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ።  «በጣም ያምራል። ግን ሕፃኑ እዚህ ላይ መተኛት የለበትም። ቀለሙ ይሸታል።»

«ደርቋል እኮ! ንኪው እስቲ!»

«ደርቋል። ግን ይሸታል።»

«እሱ ይጠፋል፤ ምን ችግር አለው።»

«የሚጠፋው ቆይቶ ነው፤ እሱ የሚመጣው ግን ነገ ነው። ዶክተሯ ለእማ አጥብቃ ነግራታለች። ትንፋሹ ካጠረ ይመልሱታል።»

የአባቷ ፊት ጠቆረ። «እህ! አነፍናፊያችን ደግሞ ነርስ ሆናልናለች! እኔ ምን ላድርግ ነው የምትይው? ለልጄ አልጋ ሠራሁ ብዬ ወንጀለኛ ልሁን? ዕድሜ ልኬን ይሄንኑ ቀለም ስተነፍስ ኖሬ ምን ሆ…»

ሳሉ ቃሉን ቆረጠው። በር ላይ ከተሰማው የባሰ ነበር። የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ጎንበስ አለ። አያቷ ወለሉን አዩ። ልጅቷም ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት እስኪያልፍለት ጠበቀች፤ ከዚያ ውኃ በብርጭቆ አምጥታ ሰጠችው።

«ሳልህስ ከየት መጣ?» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«ምንም አልሆንክም አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ትልቅ ሰው ነህ። እሱ ግን ገና መተንፈስ እየተማረ ነው።»

አባቷ ውኃውን ጠጣ። ባዶውን ብርጭቆ እንደያዘ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ መጋረጃውን ሲያነሳው ተመለከተ፤ ፀሐይ የመታቸውን ትንንሽ ልብሶች፣ ከእናትየው አልጋ አጠገብ የተዘጋጀውን መሳቢያ በተከፈተው በር አሻግሮ አየ። አውራ ጣቱን ነጩ መስመር ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬደ። ከዚያ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ ከሥራ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀቱን፣ ያንን ቀለም ሲፍቅ የሚጠቀምበትን ሻካራ ወረቀት፣ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። አልጋውን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ።

«ወዴት ነው አንተ? ገና አሁን መግባትህ!» አሉ አያቷ።

እሱ ወደ ውጭው በር አመራ። ልጅቷ ቀድማው ሮጣ የውጭውን በር ሁለቱንም ክንፍ ከፈተችለት፤ አልጋው እንዳይጫር። እሱም በሩ ሥር ሲደርስ ቆም አለ። በነጻው እጁ ምስማሩ ላይ ያለውን ማስክ አወረደ፣ ጭኑ ላይ መታ መታ አድርጎ አቧራውን አራገፈው፣ ፊቱ ላይም አጠለቀው።

ከማስኩ በላይ ዓይኖቹ ብቻ ይታዩ ነበር። ልጅቷን አንዴ ተመለከታት፤ ከዚያም የልጁን የመጀመሪያ መኪና ተሸክሞ ወጣ።