የልጄ ግራ እጅ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ጎረቤቶቼ በር ተንኳኳብን ሲሉ ነፋስ ነው የምል፣ ውሻው ያለ ምክንያት አለቀሰ ሲሉ ርቦት ነው የምል፣ የሆነ ነገር ታየኝ የምትል ካለች ደግሞ መጀመሪያ ዓይንሽን ተመርመሪ የምል ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ቢሆንም ያላጣራሁትን አላወራም። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። መኪና እፈራለሁ፣ ያልተከደነ ጉድጓድ እፈራለሁ፣ የጋለ ዘይት እፈራለሁ፣ ከሁሉም በላይ ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ እፈራለሁ፣ ምክንያቱም ሶስና አንድ ናት፣ ከእሷ በፊት የጸነስኳቸው አልቆዩልኝም፣ ከእሷ በኋላም ሐኪሙ ይበቃሻል ብሎኛል።

ስለ እሷ ቀናተኛ ነኝ፣ ይህንንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አስተማሪዋ እንዲህ አለች ስትለኝ ይቆረቁረኛል። በተለይ ደግሞ በባሌ እህት በሰላም እቀናለሁ፣ ሰላም እዚህ ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ ጸጉር ቤት አላት፣ ሶስናን ስትሠራት ልጅቷ ትንፍሽ አትልም፣ እኔ ማበጠሪያ ሳነሳ ግን ገና ሳልነካት ትጮኻለች። ምን ታደርጉታላችሁ፣ የእጅ ነገር ነው ይላሉ፣ የሰላም እጅ ለስላሳ ነው፣ የእኔ ሻካራና ቀዝቃዛ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ መኪና በድምጽ ማጉያ እየለፈፈ በሰፈራችን አለፈ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን አሮጌ ሜዳ ታውቁት ይሆናል፣ በጣሊያን ጊዜ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረው፣ አሁን ከብት የሚግጥበት፣ እዚያ ሜዳ ላይ በጦርነቱ ላለቁት መታሰቢያ የአውሮፕላን ትርኢት ይደረጋል፣ ሕዝቡ በነቂስ ይውጣ አለ። እኔ ላለመሄድ ወስኜ ነበር። ሰላም መጥታ ባትናገረኝ ኖሮ አልሄድም ነበር፣ እመኑኝ።

«ሶሲን እኔ እወስዳታለሁ፣ አንቺ ቤት ቁጭ በይ፣ ትጨነቂያለሽ» አለችኝ።

«ልጄን የምወስዳትማ እኔው ነኝ» አልኳትና ነጠላዬን አነሳሁ።

ያን ዕለት ጠዋት ያደረግሁት ነገር ሰላምን በጣም አሳቃት። እናቴ ከሆመቾ የላከችልኝ የቃጫ ገመድ ነበረኝ፣ አንዱን ጫፍ በሶስና ቀኝ እጅ፣ ሌላውን በእኔ ግራ እጅ አሰርኩት፣ ያሰርኩትም ገበያ የሚሄድ ዶሮ እግሩን በምናስርበት አስተሳሰር ነው፣ ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት ወዲያው የሚፈታው፣ ድንገት አደጋ ቢመጣ ልፈታት እንድችል ብዬ ነው። አያችሁ፣ ሁሉን አስቤ ነበር።

«ወርቅዬ፣ በጓን ስንት ልትሸጫት ነው?» አለች ሰላም።

ባጃጅ ስንገባም ሹፌሩ ገመዱን አይቶ «የሁለት ሰው ትከፍላላችሁ፣ በግ በነጻ ነው የምጭነው» አለ። ሶስና እየተንከተከተች «ምእእእ» ስትል እኔም ሳቅሁ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሲቀልዱባት ትወዳለች።

ሜዳው ሰው በሰው ሆኗል። ከብቶቹን ወደ ዳር ገፍተዋቸው የሣሩን መሐል በኖራ አስምረውታል፣ ለእንግዶች ድንኳን ተተክሏል፣ ሸንኮራና ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች በጎን በኩል ተደርድረዋል። ሰላም ሰው በሌለበት ጥግ አንድ ቦታ አገኘችልንና ሸንኮራ ከምትሸጥ አንዲት አሮጊት አጠገብ ቆምን፣ ሶስና በመሐላችን፣ አይ፣ በመሐላችን አይደለም፣ ይሄ ቁም ነገር ስለሆነ በደንብ ልንገራችሁ፣ ሰላም በእኔ በቀኝ በኩል ነበረች፣ አሮጊቷ ከእሷ ወዲያ፣ ሶስና በግራዬ፣ ከሶስና ወዲያ ማንም አልነበረም፣ ባዶ ሣር ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምጽ ነው። ንግግር የሚያደርጉት ሰውዬ ገና አልጨረሱም፣ ከሆመቾ በኩል ከባድ፣ ዝቅ ያለ፣ እግር ሥር የሚሰማ ዓይነት የሞተር ድምጽ መጣ። «መጣ መሰለኝ» አልኳት ሰላምን። «ምኑ?» አለችኝ። ሰማዩ ባዶ ነበር። እኔም ጆሮዬ ነው ብዬ ልተወው ስል ዳር ያሉትን ከብቶች አየኋቸው፣ ሁሉም ሣራቸውን ትተው አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ። ሸንኮራ ሻጯ አሮጊትም ቢላዋዋን አስቀምጣ ወደዚያው ታይ ነበር። ድምጹ በላያችን አልፎ ሄደ፣ የሚያልፍ ነገር ግን አልነበረም። ከብት ከሩቅ ይሰማል፣ እውነተኛው አውሮፕላን ገና ተራራው ጀርባ ሳለ ሰምተውት ይሆናል፣ እንዲህ ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ሶስናን ሳያት ግራ እጇን ወደ ባዶው ሣር ዘርግታ ጣቶቿን ትንሽ አጥፋ ቆማለች። እጅሽን ሰብስቢ አልኳት፣ አልሰማችኝም።

ከዚያ እውነተኛው አውሮፕላን መጣ፣ ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን፣ ዝቅ ብሎ እየተገለባበጠ፣ ሕዝቡ በሙሉ ወደ ላይ አንጋጠጠ፣ እኔም አንጋጠጥኩ። ይህን ነው እስካሁን ለራሴ ይቅር የማልለው፣ አውሮፕላን ምን ይታያል? በግራ እጄ በኩል ገመዱ ሲነካካ ተሰማኝ፣ መጎተት አይደለም፣ አንድ ሰው በቀስታ እየጠቀለለ እንደሚያስተካክለው ያለ ነገር፣ ሶስና እየተጫወተችበት ነው ብዬ ዓይኔን አላወረድኩም።

ሳወርደው ልጄ አለች። ገመዱም አለ። ቋጠሮው ግን የእኔ አይደለም።

አልፈራሁም፣ ይህን ስትሰሙ ትስቁብኝ ይሆናል፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። የእኔ ቋጠሮ ሁለት ጆሮ አለው፣ ይሄኛው ጫፉ የት እንደገባ እንኳን አይታይም፣ ጥብቅ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ደረቅ ኮባ፣ ያ ለስላሳው የእንሰት ቅጠል፣ በልጅቷ እጅ ዙሪያ ታጥፎ ተደርጎበታል። ገለጥ አድርጌ ሳይ ቆዳዋ ቀልቷል። የእኔ ገመድ ሲልጣት ቆይቶ ኖሯል፣ እኔ አላየሁትም፣ ሌላ ሰው አይቶታል። በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ አንድ እግር እንሰት የለም።

ሹሩባ ስላችሁ ማንን እንደጠረጠርኩ ገባችሁ። ወደ ሰላም ዞርኩ።

«አንቺ፣ እኔን ማሰር አታውቅም ለማለት ነው ይህን የሠራሽው?»

«ምን ሠራሁ?»

«ልጄን እንደ አዲስ ያሰርሻትን ነዋ። እጇ እንደቆሰለ ካየሽ ትነግሪኛለሽ እንጂ በሰው ፊት እንዲህ ታደርጊኛለሽ?»

ሰላም ስልኳን በሁለት እጇ እንደያዘች አየችኝ። «ወርቅነሽ፣ አውሮፕላኑን ከመጣ ጀምሮ እየቀረጽኩ ነው። በየትኛው እጄ? ደግሞ ባንቺ ላይ ተሻግሬ?»

እውነቷን ነበር፣ እኔ በመሐል ቆሜ በላዬ ተሻግራ ልትደርስባት አትችልም። ጎንበስ ብዬ ሶስናን ጠየቅኋት።

«ማነው ያሰረሽ የኔ እናት?»

«ሌላዋ።»

«ሌላዋ ማን?»

«ሌላዋ እናት፣ አንቺ ወደ ላይ ስታዪ እኮ ያዘችኝ።» ይህን ያለችው የሰፈር ሰው ስም እንደምትጠራ፣ ያለ ምንም ፍርሃት ነው። ቀጥላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ «እጇ ይሞቃል ማሚ፣ ያንቺ ይቀዘቅዛል።»

ሰላም ለመሳቅ ሞክራ ተወችው። ሸንኮራ ሻጯ አሮጊት ግን ተነስታ የሶስናን እጅ አንስታ አገላበጠችውና በሀዲይኛ ጠየቀችኝ፣ «ይህን ማን አሰረላት?»

«እማማ፣ እርስዎ አላዩም? አጠገባችን ነበሩ።»

«እኔ ያየሁት አንቺን ነው፣ ስታንጋጥጪ።» ኮባውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ይሄ የሩጫ አስተሳሰር ነው። እናቴ ናት ታሳየን የነበረችው። በጣሊያን ጊዜ አውሮፕላኑ ቦምብ ሊጥል ከዚህ ሲነሳ እናቶች ልጆቻቸውን እንዲህ እያሰሩ ወደ እንሰቱ ውስጥ ይሮጡ ነበር፣ ኮባውን የሚያደርጉት ሲጎትቷቸው እንዳይቆርጣቸው ብለው ነው። አንዷ እንሰቱ ጋ ደርሳ ዞር ስትል የያዘችው ገመዱን ብቻ ነበር፣ ትል ነበር እናቴ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እናቴም ከሰው የሰማችው ነው፣ መጨረሻውን አልነገሯትም» አለችና ወደ ሸንኮራዋ ተመለሰች። «ልቁረጥላት? ይሄ ጣፋጭ ነው።»

አዝኜላት ነበር ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፣ የዚያች ሴት ታሪክ ያሳዝናል፣ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ያን ጊዜ ግን የተሰማኝ እሱ አልነበረም። ልጇ ከጠፋ የእኔን ልጅ ማን እሰሪ አላት ነው ያልኩት በልቤ፣ ያውም ከእኔ አሳምራ፣ ያውም ልጄን ሳታስለቅስ። ሶስናን ተሸክሜ ባጃጅ ወዳለበት መሄድ ጀመርኩ፣ ትርኢቱ ገና አላለቀም ነበር፣ ልጄ በትከሻዬ ላይ ሆና ወደ ሜዳው በግራ እጇ ቻው ትል ነበር፣ ዞር ብዬ ለማን እንደሆነ አላየሁም።

ቋጠሮውን ቤት ገብቼ ልፈታው ብል አቃተኝ፣ እንግዲህ እኔ ቃጫ ስትፍቅ ከዋለች እናት የተወለድኩ ነኝ፣ ባሌም ሞከረ፣ በጥርሱም ሞከረ፣ በመጨረሻ በምላጭ ቆረጠው፣ ሶስና ጸጉሯን የተቆረጠች ያህል አለቀሰች። ባሌ የሰማሁትን ስነግረው «እዚያ ከነበሩት ሴቶች አንዷ አዝናላት ነው፣ ምን ያስገርማል» አለ። እኔም በባሌ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው፣ ለዚያውም በበለጠ እርግጠኝነት።

ግን ሰላም የቀረጸችው አለ። በሳምንቱ መጥታ «ይህን ስሚው፣ እኔ ብቻዬን ልይዘው አልፈልግም» አለችና ስልኩን ሰጠችኝ። የሚታየው ሰማይና አውሮፕላኑ ብቻ ነው፣ ጫጫታም አለ፣ ከጫጫታው ሥር ግን የልጄ ድምጽ ይሰማል፣ ከሰው ጋር እንደምታወራ ነው፣ ዝም ትላለች፣ ትስቃለች፣ እንደገና ዝም ትላለች፣ የሚመልስላት ድምጽ የለም፣ መጨረሻ ላይ «እሺ አማ» ትላለች።

አማ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። ሶስና ሀዲይኛ አታውቅም፣ የባሌ ቤተሰቦች ከሰሜን የመጡ ስለሆኑ ቤታችን የሚወራው አማርኛ ነው፣ እኔንም ከተወለደች ጀምሮ እንደ ከተማ ልጆች ማሚ ነው የምትለኝ። አማ እያልኩ ያደግሁት እኔ ነኝ፣ የእኔ ልጅም አንድ ቀን እንዲያ ብትለኝ እያልኩ ለማንም ሳልነግር ስመኝ የኖርኩት ቃል ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ገመድ ይዤ አልወጣም፣ እጇን እይዛለሁ። መንገድ ስንሻገር ሶስና ቀኝ እጇን ትሰጠኛለች፣ ግራ እጇ ግን አይንጠለጠልም፣ ትንሽ ወደ ጎን ወጣ ብሎ፣ ጣቶቹ አጠፍ ብለው፣ የአንዲት ሴት እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ይሆናል። የልጅ ጨዋታ ነው እላለሁ። አንድ ቀን ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ጠየቅኋት፣ «ሶሲዬ፣ እኔንም እስቲ አማ በይኝ።»

አሰበችበት። «አንቺ ማሚ ነሽ» አለችኝ፣ ቅር እንዳይለኝ ይመስላል፣ እጄን ጠበቅ አድርጋ።

በሌላ በኩል ዞርኩና ያንን ግራ እጇን ያዝኩት። ጠዋት ነበር፣ ብርዱ ከባድ ነበር፣ ቀኝ እጇ በእኔ እጅ ውስጥ ሆኖ እንኳ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር የቆየው። ግራው ይሞቃል። በዚያችው ደቂቃ ሰው ይዞት ቆይቶ የለቀቀው እጅ እንደሚሞቀው ነው የሚሞቀው።

አልለቀቅሁትም። ሶስና ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እኔን አልፋ ወደ ጀርባዬ አየች፣ አንድ ሰው ቦታውን ተቀምቶ እንደቆመና እሷም እንዳዘነችለት ሁሉ።