የውዝዋዜው ጸሐፊ ሞት

ሬሳው ከብረት ደረጃው ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። መርማሪዋ እንደደረሰች መጀመሪያ የጠየቀችው ወንበር ነው። ጉልበቷ እንኳን በደረጃ በሜዳም አስቸግሯታል፤ ጡረታዋም ተቃርቧል። ባልደረቦቿ «እትዬ ዝግታ» ይሏታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ሟቹን ሁሉም «ጋሽ እርሳስ» ይሉት ነበር። ሥራው ውዝዋዜ መጻፍ ነው። ሙዚቀኛ ዜማን በኖታ እንደሚያሰፍር፣ እሱም የእጅን፣ የእግርንና የወገብን እንቅስቃሴ በልዩ ምልክት ወረቀት ላይ ያሰፍር ነበር፤ ተወዛዋዦቹ ቢያረጁም ቢበታተኑም ሌሎች አንብበው ያንኑ መልሰው እንዲሠሩት። ልምምድ ባለ ቁጥር አዳራሹ ሰገነት ላይ ብቻውን ተቀምጦ ቁልቁል እያየ ይጽፋል። ዛሬም እንደዚያው ሲያደርግ ነበር። ልምምዱ አልቆ ሰዉ ከተበተነ በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ ወድቆ አገኘችው።

ሐኪሙ አንገቱ መሰበሩን አይቶ፣ «ሽማግሌ ነው፣ ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው» ብሎ ነገሩን ሊቋጨው ፈለገ። መርማሪዋ ግን እያነከሰች ወደ ሰገነቱ ወጣች። የሟቹ መነጽር ወንበሩ ሥር ወድቋል፤ ከሁለቱ ወፍራም መስታወቶቹ አንዱ ተሰንጥቋል። ያለ መነጽር የገዛ ጣቱን ለይቶ የማያይ ሰው ወዶ ያንን ደረጃ አይወርድም። ተመልሳ ወርዳ ኮቱን ስትፈትሽ ከውስጥ ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ጠርዙ ሰው ጨብጦ እንደጎተተው ሁሉ ተጨማድዷል። መሐሉን ቀጥ ያለ መስመር ይከፍለዋል፤ ግራና ቀኙን ጥቋቁር ምልክቶች ሞልተውታል፤ ላይኛው ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ ምልክት በቀይ ተከቧል። ምንም አልገባትም። ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የጽዳት ሠራተኛዋ ገብታ ሬሳውን እስክታገኝ ድረስ ከዘበኛው ጋር ግቢ ውስጥ ነበረች። በዚያ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ከሟቹ ጋር የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

አንደኛው አሠልጣኙ ነው። ከሟቹ ጋር መጣላቱን አልደበቀም። ዋናዋ ተወዛዋዥ ውዝዋዜውን የምትዘጋው በታወቀችበት ረጅም ዝላይ ነበር፤ ዛሬ ግን ሳትዘል በዝግታ ተንበረከከች። አሠልጣኙ እሷ ላይ ጮኸ፤ ቀጥሎ ወደ ሰገነቱ አንጋጦ ዝላዩ እንዲጻፍ አዘዘ።

«ምን መለሰልዎት?» አለች መርማሪዋ።

«‹ያላየሁትን አልጽፍም› አለኝ። ግትር ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ከዚያ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ምስክር የለኝም።»

ጽሑፉን ማንበብ ይችል እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ለእሱ ዶሮ የጫረችው እንደሚመስለው ነገራት።

ሁለተኛው የአዳራሹ ኃላፊ፣ የተወዛዋዥዋ ታላቅ ወንድም ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው በመሞታቸው እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። ቢሮው ግድግዳ ላይ በአየር ላይ ተንሳፍፋ የሚያሳዩ የእህቱ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። ልምምዱ ሳይጀመር የተቃጠለ አምፖል ሊቀይር ወደ ሰገነቱ ወጥቶ ሟቹን ሰላም ማለቱን፣ ከዚያ ወዲያ የሠራተኛዋን ጩኸት እስኪሰማ ከቢሮው አለመውጣቱን ተናገረ።

«ያኔ ምን ያህል ጽፎ ነበር?»

«ምኑን ጻፈው፤ ገና መጀመሩ ነው። ከላይ አንዲት ምልክት አድርጎ በቀይ ከቧታል። የቀረው ባዶ ነበር።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

ተወዛዋዥዋን ያገኘቻት ጉልበቷ ላይ በረዶ ይዛ ስታለቅስ ነው። አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሁለቱም የሚያማቸውን እግር ዘረጉ። ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ጩኸቱን እንደሰማች፣ ከዚያ በፊት ማንንም እንዳላየች ልጅቷ ተናገረች። የሟቹን ጽሑፍ ከሱ ከራሱ ተምራ ማንበብ ትችላለች።

«እንዴት ነው የሚነበበው፣ ልጄ?»

«እንደ ተክል ነው እትዬ፤ ከታች ይበቅላል። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ከግርጌ ይጻፋል፤ እየተወዛወዝን ወደ ላይ ይወጣል። ከመስመሩ ግራ ያለው የግራ እግርና እጅ ነው፤ ቀኙም እንደዚያው።»

መርማሪዋ ከተቀመጠችበት ለመነሳት ጊዜ ፈጀባት። ያወቀችው ነገር አላስደሰታትም።

ሦስቱንም ልምምድ አዳራሹ ውስጥ ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሰውየው አልተደናቀፈም» አለች። «መነጽሩ ከላይ ቀርቷል። ቆሞ ሲጓተት ከፊቱ ላይ ወደቀ፤ እሱም ተገፍቶ ወደቀ። ይጓተቱበት የነበረው ይህ ነው፤ ከኪሱ አውጥቼ እስካሁን ለማንም አላሳየሁም።» ወረቀቱን ዘርግታ ለልጅቷ ሰጠቻት። «በቀይ የተከበበው ምን ይላል?»

«መንበርከክ ነው» አለች ልጅቷ። «መጨረሻው።»

«ከዛሬ በፊት መጨረሻው ላይ ተንበርክከሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

መርማሪዋ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ልምምዱ ሳይጀመር ወጥቼ ቀዩን ክብ አየሁ ብለውኛል። እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ከላይ የሚጀመር መስሎዎት ነው። ይህ ግን ከታች ነው የሚጀምረው። ያቺ ምልክት የተጻፈችው መጨረሻ ላይ፣ እህትዎ ከተንበረከከች በኋላ ነው። ወረቀቱም በዚያው ጉተታ መሐል ኪሱ ገባ። አሠልጣኙ ጮኾ ዝላዩ ይጻፍ ማለቱን ሁሉም ሰምቷል፤ ስለ ቀዩ ክብ ግን አንድም ቃል አልተናገረም፤ ስለዚህ ከወሬ የሰሙት አይደለም። ክቡን ያየ ሰው ሰውየው ሲሞት እዚያ የነበረ ነው።»

አሠልጣኙ አንገቱን ደፋ። ወንድምየው ሲናገር ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«ልገድለው አይደለም የወጣሁት። ዝላዩን ጻፍላት ብዬ ለመንኩት። ያየ ሰው ይረሳል፣ ወረቀት ግን አይረሳም። ስሟ እኮ ያ ዝላይ ነው። እምቢ አለ። ስጠኝ ብዬ ወረቀቱን ጨበጥኩ፤ ነጥቆኝ ኪሱ ከተተው። ያዝኩት፤ መነጨቀኝ፤ ገፋሁት። ከኋላው ደረጃው መኖሩን እንኳ ልብ አላልኩም።»

ልጅቷ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቀዩን ክብ በጣቷ ነካችው።

«ጋሼ» አለች ወንድሟን፣ «እንዲጽፈው የነገርኩት እኔ ነኝ። ትናንት። ከእንግዲህ መዝለል አልችልም፣ ስንበረከክ በቀይ ክበብልኝ፣ ከእኔ በኋላ የምትመጣዋም ጉልበቷ ሲከዳት እንዲህም ይቻላል ትበል አልኩት። ደስ አለው። ከዝላዩ ይበልጣል አለኝ።»

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትከፋብኝ ብዬ» አለችው።