ለናና የተገዛው አምፖል

እናቷ ካረፈች ወዲህ ኢሊሊ ቤት ውስጥ በሕይወት የቀረላት ሌላ ነገር ቢኖር ናናው ብቻ ነበር። እሱም መገርጣት ጀመረ።

ናናው የመጣው ቀራንዮ ከነበረው አሮጌ ቤታቸው ጓሮ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ እናቷ ወይዘሮ ተሻለች ከአልጋውም ከቁም ሳጥኑም አስቀድማ የነቀለችው እሱን ነበር። ከነአፈሩ ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ተክላ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከጭነት መኪናው ሹፌር ጎን ተቀምጣ ዓለም ባንክ ሰፈር ገባች። የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ነው፤ መስኮቱም መንገድ ዳር። ያኔ የጠዋት ፀሐይ ይገባበት ነበር። ተሻለች በየጠዋቱ ቅጠሉን በጣቷ ነካ ታደርግና ጣቷን ታሸታለች። እሷ ካለፈች በኋላ ፊት ለፊት ፎቅ ተጀመረ። እየቆየ ወለል በወለል እየተደራረበ ፀሐይዋን ዋጣት።

ናናው ብርሃን ፍለጋ አንገቱን አስረዘመ። ግንዱ ቀጠነ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ኢሊሊ አንድ ቀን ውጭ አውጥታው ወደ ሥራ ብትሄድ፣ ስትመለስ የጎረቤት በግ ግማሹን ግጦት አገኘችው።

የአባቷ እኅት ዱሬቲ ከሆለታ በመጣች ቁጥር ባልዲውን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች።

«ኢሊሊ ኮ፣ ኢሊሊዬ፣ ናናው እንኳ እዚህ ቤት አልኖር አለ። አንቺ ብቻሽን ምን ልትሆኚ ነው? ሙት ዓመቱ ይለፍና ቤቱን አከራይተሽ እኔ ዘንድ ትገቢያለሽ።»

ዱሬቲ ክፉ ሰው አልነበረችም። እንዲያውም የምትለው ሁሉ ከፍቅር ነው፤ ለዚህም ነው መልስ የሚታጣለት። ኢሊሊ ግን ከዚያ ቤት መውጣት እናቷን ሁለተኛ መቅበር ሆኖ ይሰማታል። የበሩ እጀታ እንኳ የእናቷን መዳፍ ያውቃል። ስለዚህ በልቧ ቆረጠች፤ ይህ ናና መዳን አለበት።

ከምትሠራበት ፋርማሲ እንደወጣች አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወርዳ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባች። ከባንኮኒው ጀርባ የነበረው ወጣት እዮኤል ይባላል።

«ለሳሎን ነው ለመኝታ?» አላት፣ አምፖል ስትጠይቀው።

«ለናና ነው።»

ሊስቅ አፉን ከፈተ። ጥቁር ልብሷን ሲያይ መልሶ ከደነው።

«ሻይ ውስጥ የሚገባው?»

«እሱ ራሱ። ፀሐይ አጣ።»

እዮኤል ሐኪም በሽተኛ ሲቀበል እንደሚያደርገው ፊቱን አከበደ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደታመመ፣ ውኃ ይጠጣ እንደሆነ፣ እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። እንቅልፉ ሲል ኢሊሊ ሳታስበው ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የሰው ዕቃ እንደሰረቀች ሁሉ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እሱም አየ፤ ያላየ ለመምሰልም መደርደሪያውን ማስተካከል ጀመረ።

ለተክል ተብሎ የተሠራ ልዩ አምፖል እንዳለና ከመርካቶ እንደሚያስመጣላት ነገራት። በማግስቱ ስትመጣ አልደረሰም። ከዚያም በኋላ ስትመጣ አልደረሰም። እሷም እንደ መናደድ እያደረጋት፣ ግን ከፋርማሲው ስትወጣ መስተዋት እያየች መጣች። በመጨረሻ አምፖሉ ደረሰ። እዮኤል ከቅጠሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋ እንድትሰቅለውና ቀን የጎደለውን ብርሃን ማታ ማታ እንድትሞላለት አስረዳት።

ያን ምሽት ስታበራው ክፍሉ በሙሉ ሐምራዊ ሆነ፤ ቀይም ሮዝም የተቀላቀለበት። ኢሊሊ መጋረጃውን ገልጣ እራቷን ስታቀርብ በሩ ተንኳኳ። ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ጨዋ መሳይ ሰው ቆሟል።

«እንደምን አመሸሽ፣ እኅቴ። ቀዝቃዛ ቢራ አለ?»

ቤቱን የተሳሳተ መስሏት በትሕትና መለሰችው። በማግስቱ ምሽት ሁለት መጡ። አንደኛው ቢራ እንደሌለ ሲነገረው፣ አረቄም ቢሆን ግድ የለኝም አለ። ቀጥሎ የመጣው ጥቁር ልብሷን አይቶ አዘነላትና፣ ገና ከመክፈቷ ሐዘን ስለገጠማት አጽናንቷት ሄደ።

የሰፈሯ የኮልፌ ሰው ሁሉ ያውቃል። መንገድ ዳር ያለ ቤት ሲመሽ ቀላ ያለ መብራት ካበራ የሚሸጠው ነገር አለው። ኢሊሊም ታውቃለች። ግን መስኮቷን ከውስጥ እንጂ ከውጭ አላየችውም።

እሑድ አመሻሹ ላይ አቶ ይገዙ መጡ፤ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ለዱሬቲ ደውለው ከሆለታ አስጠርተዋታል። ሁለቱም ለቅሶ የመጡ ያህል አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። አቶ ይገዙ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ የእናቷን ድንኳን በገዛ እጃቸው እንደተከሉ፣ ቢቸግራት ለእድሩ ብትነግር ማንም እንደማያፍርባት፣ እናቷ ግን ይህን ብታይ ምን እንደምትል በቀስታ ተናገሩ። ኢሊሊ የሚሉት የገባት በጣታቸው መስኮቱን ሲያሳዩዋት ነው። ፊቷ እንደ አምፖሉ ቀላ።

ለናናው እንደሆነ አስረዳች። አቶ ይገዙ ተክል መብራት ሲጠጣ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ዱሬቲ ግን መስማቱንም ትታ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ልብስ ማጣጠፍ ጀምራለች።

ኢሊሊ ስልኳን አነሳች።

እዮኤል እያለከለከ ደረሰ። በመንገዱ ማዶ ቆሞ መስኮቱን ሲያይ ሳቁ አመለጠው፤ ሲገባና የኢሊሊን ዓይን ሲያይ ሳቁ ሞተ። አምፖሉን የሸጠው እሱ መሆኑን፣ ለተክል የተሠራ መሆኑን፣ ቀለሙም ከሥሪቱ መሆኑን በተቻለው መጠን አስረዳ።

አቶ ይገዙ አሰቡ። «ነጭ መብራት አይሆነውም እንዴ?»

እዮኤል መሬት መሬት አየ።

«ይሆነዋል፣ አባባ። ጠንከር ያለ ነጭ አምፖል በቂ ነበር። ሱቅ ውስጥ ሞልቷል።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ነጩን ለምን አልሸጥክልኝም?» አለች ኢሊሊ።

ዱሬቲ ማጣጠፏን አቆመች።

«ያን ዕለት ብሸጥልሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ» አለ እዮኤል። «ተመልሰሽ አትመጪም።»

አቶ ይገዙ ሳያስላቸው ሳል ሳሉ። ኢሊሊ ልትቆጣው ፈለገች፤ መንገደኛው ሁሉ አረቄ ሲጠይቃት የሰነበተው በእሱ ምክንያት ነው። ግን እሷ ተመልሳ እንድትመጣ ሰው መመኘቱ፣ ከእናቷ ወዲህ፣ ረስታው የነበረ ነገር ነው። ቁጣው ከየት ይምጣ?

«ቀይረው» አለችው ብቻ።

ሱቁ ሮጦ ነጩን አምጥቶ ቀየረው። ነጩ ብርሃን ክፍሉን ሲሞላው ዱሬቲ ልብሱን ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰችና፣ እስከ ሙት ዓመቱ እንደምትጠብቅ፣ ናናው ካልዳነ ግን ነገሩ እዚያው ላይ እንደሚያበቃ ተናገረች።

ከዚያ ወዲህ እዮኤል አምፖሉን ለማየት መምጣት ጀመረ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መንገደኛው ሁሉ እያያቸው፣ እሱ በርጩማ ላይ ቆሞ ሽቦውን ያሳጥራል፣ ያስረዝማል። አምፖሉ ምንም እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ጥቁር ለለበሰች ሴት የፍቅር ቃል አይነገርምና አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ስለ እናቷ ግን ትነግረው ነበር። እሱ አንድም ቀን፣ በቃ አሁን እርሽው፣ ብሏት አያውቅም። እንዲያውም ተሻለች እንዴት ትስቅ እንደነበር ይጠይቃታል።

ናናው መጀመሪያ ከሥሩ አቆጠቆጠ። ከዚያ ባልዲው እስኪጠበው ተንዠረገገ። የሙት ዓመቱ ዕለት ለእንግዳው ሁሉ በናና ሻይ ቀረበ። ዱሬቲ አንዱን ጨርሳ ባዶ ብርጭቆዋን ዘረጋች፤ ስለ ሆለታ ከዚያ ወዲያ አላነሳችም።

ኢሊሊ ጥቁሯን ባወለቀች ሰሞን እዮኤል ሽማግሌ ላከ። አስቀድመው የቆሙት አቶ ይገዙ ነበሩ፤ ሆለታ ዱሬቲ ሳሎን ውስጥ፣ ቁጭ በሉ ቢሏቸውም እሺ ሳይባሉ እንደማይቀመጡ ተናገሩ። ዱሬቲ ልጅቷ ራሷ ትናገር አለች። ለዚሁ ሆለታ የመጣችው ኢሊሊ ከጓዳ ወጥታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ከእናቷ ቤት እንዳትወጣ።

አቶ ይገዙ ግራ ተጋቡ። ወንድ ልጅ ዕቃውን ይዞ ሴት ቤት ሲገባ ሰፈሩ ምን ይላል? ሄደው ለእዮኤል ሲነግሩት ግን የመለሰው፣ መቼ ልግባ የሚል ብቻ ነበር።

ከሠርጉ ማግስት ፍራሹን፣ አንድ ሻንጣና የሱቁን መሰላል በባጃጅ ጭኖ መጣ። ጎረቤቱ በየበሩ ቆሞ ያያል። እዮኤል የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ እንደ እንግዳ ቆመ፤ እጁ ሊያንኳኳ ተነስቷል።

ኢሊሊ እጁን ያዘችና ወደ እጀታው ወሰደችው።

«ማንኳኳት ቀረ» አለችው። «ራስህ ክፈተው።»