የአጥንቱ ዘመድ

ስለ አንድ ጥንታዊ አጥንት ሁለት ስሌቶች ሁለት ነገር ተናገሩ። ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ዘረመል የመረመረው «ንጹሕ ነው» አለ። ኤክስ ክሮሞዞምን የመረመረው ደግሞ «ከዐሥር እጅ አንዱ የዛሬ ሰው ነው» አለ። አጥንቱ የወንድ ነው፤ ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ዓይነት ከተገኘበት ሌላ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው።

ሁለቱንም ስሌት የሠራው ባለሙያ ደጋግሞ አሰበበት። የሚያስታርቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የነካካው ሰው ከጥንቱ ሰው ጋር በእናት በኩል የአንድ ሐረግ ልጅ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ስሌት ሊለየው አይችልም።

የቤተ ሙከራው ሠራተኞች ዘረመል ለእንዲህ ያለው ጊዜ ተቀምጧል። አመሳከረ። የገጠመው የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የ«ጭምብሏ»።

ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። ከቤተ ሙከራው መስታወት ማዶ ነጭ ልብስ ለብሳ ለናሙና አጥንት ስትበሳ ከዓይኖቿ በቀር የሚታይ የላትም። እሱም የሚያውቀው እነዚያን ዓይኖች ነው። ቀና ስትል ወደ ኮምፒውተሩ ያቀረቅራል። ቤቱ ሲገባ ሊላት የነበረውን ሁሉ ለግድግዳው ይነግረዋል።

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት።

«ውስጥ ጭምብልሽን አውልቀሽ ነበር?»

ዓይኖቿ ወለሉን አዩ። «አዎ።»

«ምን ነካሽ?»

«ላወራው ብዬ።»

«ማንን?»

«አጥንቱን ነዋ! ቤቴ የሚጠብቀኝ የለ። በጭምብል ማውራት ደግሞ እንደ መታፈን ነው። በል ሳቅ።»

«ምን ያስቀኛል? እኔም የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው።»

«ግድግዳ እንኳ ብታወራው አይበከልም።»

ሳቁ። ከዚያ ስለ እናት ሐረጉ ነገራት።

«እናቴን አላውቃትም» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ዘመዷን ባገኝ፣ እሱንም አበላሸሁት።»

«አለቃችን ካወቀች ታባርርሻለች። የመጀመሪያውን ስሌት ብቻ ባቀርብስ? ሁለተኛውን ማን ይጠይቀኛል?»

«አንተ? ለእኔ ብለህ ልትዋሽ?»

አቀረቀረ።

«ቀና በል እንጂ።»

ቀና ሲል ጭምብሉ እጇ ላይ ነበር። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። እንዲህ ትሆናለች ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ዓይኑን ግን አልነቀለም።

«ሁለቱንም ስሌት ይዘህ አለቃችን ዘንድ ትገባለህ» አለችው። «ቀድሜህ ገብቼ የምናገረው ግን እኔ ነኝ። ብታባርረኝም ባታባርረኝም፣ ከዛሬ ወዲያ የማወራው ከአንተ ጋር ነው።»