ሌታ ያልጻፋቸው መልእክቶች

ተረት የሚመስለው ካለ አላስገድደውም... ይህ ግን አምቦ ላይ በእውነት የሆነ ነው።

ጊዜው 2005 ዓ.ም.፣ ወሩ ነሐሴ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ። ከተማውን ጉም ውጦታል።

ለንሳ የፖሊስ የኮምፒውተር መርማሪ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣችው ጃለኔ የምትባል ተማሪ ስለጠፋች ነው። ልጅቷን አንድ ሰው በፌስቡክ "ፎቶሽን እበትነዋለሁ" እያለ ሲያስፈራራት ከርሟል።

ሰውየው ተይዟል። ሌታ ይባላል፤ ኢንተርኔት ቤት አለው። ኮምፒውተሩም ተነቅሎ ለንሳ ፊት ተቀምጧል።

ጃለኔ ግን የለችም።

የለንሳ ሥራ ሰውን በአጻጻፉ መለየት ነው። መቼ ይጽፋል? ምን ያስቸኩለዋል? ሲናደድ ምን ይላል?

የሌታ ጠባይ ቶሎ ገባት። ችኩል ነው። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል። ይሳደባል።

ከዚያ... ሌላ ሰው አገኘች።

በዚያው አካውንት፣ በዚያው ኮምፒውተር። ይህኛው በአማርኛ ፊደል ይጽፋል። እንደ ድሮ ሰው በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ያኖራል። አይሳደብም።

ያባብላል።

"አይዞሽ፡ ልጄ። ትራሱን፡ ገልብጪው፤ በእንባሽ፡ ርሷል።"

ለንሳ መልእክቶቹ የተላኩበትን ሰዓት አየች... ደግማ አየች።

ጃለኔ ጥያቄዋን ሳትልክ መልሱ ቀድሞ ደርሷል። ሁልጊዜ።

ሌታን አስጠራችው። አብረዋት የሚሠሩት አንጋፋው ሳጅን፣ ኦቦ ኢዶሳ፣ በሩን ዘጉ።

"ያስፈራራኋት እኔ ነኝ" አለ ሌታ በሹክሹክታ። "አልክድም።"

"ያባበላትስ?"

ሁለቱን ፖሊሶች ተራ በተራ አያቸው።

"እናንተ... አልነበራችሁም እንዴ?"

"እኛ?"

"ፖሊስ መስሎኝ ነበር። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ... ይጽፋል። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ... ይጽፋል። ስትይዙኝ እፎይ ያልኩት ለምን ይመስላችኋል?"

"ውሸታም!" አሉ ኦቦ ኢዶሳ።

ለንሳ አካውንቱን በራሷ ላፕቶፕ ከፈተችው።

አዲስ መልእክት አለ። የዛሬ፤ ሌታ ከታሰረ በኋላ የተላከ።

"ወንጪ፡ ሐይቁ፡ ዳር፡ አብሬሽ፡ እቀመጣለሁ። ለንሳ፡ እስክትመጣ።"

የለንሳን ስም ለዚህ ጸሐፊ የነገረው ሰው የለም።

"ኦቦ ኢዶሳ..." አለች ላፕቶፑን እየከደነች። "መኪና!"

የወንጪ መንገድ ጭቃ ነበር። ዝናቡም አላባራ አለ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጉሙ እስከ ውሃው ወርዷል።

ጃለኔ አለች። በሕይወት!

ሣሩ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ታያለች። ለንሳ ሮጣ አቀፈቻት... ወዲያው እጇን ሰበሰበች።

በዚያ ዝናብ የልጅቷ ልብስ ደረቅ ነው።

"ኢንተላ ኮ" አሉ ኦቦ ኢዶሳ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "ማን አመጣሽ?"

ጃለኔ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ቀስ በሉ... አሁን ገና መነሳቷ ነው።"

"ማን?"



ኦቦ ኢዶሳ ዙሪያውን ቃኙ። ሰው የለም። ጭቃው ላይ ዳና የለም።

ከጃለኔ ጎን ግን ሣሩ ሰው እንደተቀመጠበት ተኝቷል። እያዩት... ቀስ እያለ ቀና አለ።

ነፋስ አልነበረም።

ከፊቱ ያለው ሣር ተኛ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው...

ወደ ለንሳ እግር።